መከራና የተፈጥሮ አደጋ ለምን? በክርስትና የተሰጡ መልሶች

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጣ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን መቆፈር ጀመረ። ያኔ ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ።

ክፉ ሰው ክፉ ሲገጥመው «የእጁን አገኘ» ይባላል። ጎረቤቱን ለማውጣት ሲቆፍር የተቀበረው ሰውስ ምን ይባላል? እግዚአብሔር ቸር ነው፣ ሁሉን ቻይ ነው ብሎ ለሚያምን ክርስቲያን ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ቸር ከሆነ ለምን ዝም አለ? ሁሉን ቻይ ከሆነ ለምን አላስቆመውም? ቤተ ክርስቲያን ይህን ስትጠይቅ ወደ 2,000 ዓመት ሆኗታል። የሰጠቻቸው መልሶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጠንካራ፣ አንዳንዶቹ ደካማ ናቸው፤ ሰውን የሚጎዱም አሉባቸው።

የሰው እጅና የተፈጥሮ እጅ

የነገረ መለኮት መምህራን ክፉውን ነገር ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ከሰው ፈቃድ የሚመጣ ነው፤ ግድያ፣ ዝርፊያ፣ ጦርነት። ሌላው ማንም ሳይፈልገው ይመጣል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ ወረርሽኝ። ለመጀመሪያው የተለመደው መልስ ነጻ ፈቃድ ነው። ፍቅር በግድ አይሆንም፤ መውደድ የሚችል ፍጡር መጥላትም ይችላል። አሜሪካዊው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ ይህን ክርክር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጥብቅ ሎጂክ አቅርቦታል።

ሁለቱን የሚለየው ድንበር ግን እንደሚመስለው ቀጥ ያለ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የጀመረው ዝናብ በመጥፋቱ ነው። ያን ያህል ሕዝብ የፈጀው ግን መንግሥት ስለደበቀውና እህል በጊዜ ስላልደረሰም ጭምር ነው። በ1977ቱ ደግሞ በድርቁ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። የመሬት መንቀጥቀጥም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ደካማ ሕንፃ ነው። እግዚአብሔርን «ለምን?» ከማለታችን በፊት ከአደጋው ምን ያህሉ የእኛው ሥራ እንደሆነ መመርመር ያለብን ይመስለኛል። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ግን የሚተርፍ ነገር አለ። ጥያቄውም የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።

የተጎዳች ፍጥረት

ጥንታዊው መልስ ከኦሪት ዘፍጥረት ይነሳል። ፍጥረት ሲፈጠር መልካም ነበር። አዳም ሲወድቅ ግን ጉዳቱ በሰው ልብ ብቻ አልቀረም። «ምድር ከአንተ የተነሣ የተረገመች ትሁን» ተባለ። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ ፍጥረት ሁሉ እንደምትወልድ ሴት እያማጠ፣ ነጻነቱን እየጠበቀ እንዳለ ይጽፋል። የእኛ ሊቃውንት ጥንተ አብሶ የሚሉት የመጀመሪያው በደል ሰውን፣ ምድርንና ሞትን የሚያያይዘው በዚህ በኩል ነው።

ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ክፋት ራሱን የቻለ ነገር አይደለም ብሎ አስተማረ። ዕውርነት የማየት ጉድለት እንደሆነ ሁሉ ክፋትም የበጎ ነገር ጉድለት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር ክፋትን አልፈጠረም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የሊዮን ጳጳስ የነበረው ኢሬኔዎስ ደግሞ ሰው ሲፈጠር ገና ልጅ ነበር፣ ማደግ ነበረበት ይላል። ከዚህ ተነስተው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ሂክና ሌሎችም መከራ ነፍስን ያበስላል አሉ። ታሞ የተነሳ፣ አጥቶ የጸና ሰው የሚያውቀው እውነት አለበት። በሦስት ወሩ የሚሞተው ሕፃን ግን ምን በሰለ? እዚህ ላይ መልሱ ያጥራል።

ሌላም ችግር አለ። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከእሷ በፊትም እንስሳት ይታመሙና ይሞቱ እንደነበር ቅሪተ አካላት ይመሰክራሉ። ሞት ከአዳም በፊት ከነበረ የውድቀቱ ታሪክ እንዴት ይነበባል? አንዳንድ ክርስቲያኖች የሳይንሱን የዘመን ቆጠራ አይቀበሉም። ሌሎች በአዳም የመጣው የሰው ሞት ነው፤ የእንስሳት ሞት ከጥንትም ነበረ ይላሉ። የመላእክትን ውድቀት የሚያነሱም አሉ፤ ፍጥረት ከሰው በፊት ተጎድቶ ነበር የሚል ነው መልሳቸው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የምትንቀሳቀስ ምድር

ሦስተኛው መልስ ስምጥ ሸለቆ ዳር ለሚኖር ሰው ቅርብ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለሳምንታት ስትንቀጠቀጥ ከረመች። ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ከእንቅልፉ ይቀሰቅስ ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀቁ። ምክንያቱ ይታወቃል። የአፍሪካ ምድር እዚያ ቦታ ላይ እየተለያየ ነው፤ ቅልጥ ዐለትም ከሥር ይገፋል።

ያው የምድር ውስጥ እሳት ግን የሰጠንም ነገር አለ። የደጋችን ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተሠሩ ናቸው። ገበሬው የሚያርሰው አፈር የእሱ ልጅ ነው። ሶደሬም፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ፍል ውሃም፣ የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይልም ከዚያው ናቸው። ምድር ባትንቀሳቀስ ያ ተራራ ባልኖረ ነበር። ተራራው ከሌለ ደግሞ ዓባይ የለም። የካምብሪጅ የፊዚክስ ሊቅና የአንግሊካን ቄስ የነበሩት ጆን ፖልኪንግሆርን (1930–2021 እ.ኤ.አ.) እንደሚሉት እግዚአብሔር ለሰው ነጻ ፈቃድ እንደሰጠ ሁሉ ለፍጥረትም በራሱ ሕግ እንዲሠራና እንዲያድግ ነጻነት ሰጥቶታል። ሕይወት የሚሰጠው ሕግና የሚገድለው ሕግ አንድ ነው።

ይህ መልስ ብዙ ያስረዳል፤ እወደዋለሁም። ግን መሬት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ነው የሚነግረን። ለምን በዚህ ቤት ላይ፣ ለምን ዛሬ ሌሊት የሚለውን አይመልስም።

ቅጣት ነው?

በእኛ አገር ቶሎ የሚመጣው መልስ ይህ ነው። ጎርፍ ሲመጣ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይባላል። መነሻ የለውም አይባልም። የኖኅ ዘመን ጥፋት አለ፤ ሰዶምና ገሞራ አሉ፤ የግብፅ መቅሠፍቶች አሉ። ነገር ግን በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ፍርዱን የሚናገረው እግዚአብሔር ራሱ ወይም እሱ የላከው ነቢይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ማስጠንቀቂያ ይቀድማል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ተነስቶ «እነዚህማ በኃጢአታቸው ነው» ለሚል ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ፊት አይሰጥም።

መጽሐፈ ኢዮብን እንይ። እሳት በጎቹን በላ፤ ከምድረ በዳ የመጣ ነፋስ ቤቱን በአሥር ልጆቹ ላይ ጣለው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቃል አልተነፈሱም። ሲናገሩ ነው የተበላሸው። ያለ ኃጢአት እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብህም፣ ንስሐ ግባ እያሉ ምዕራፍ በምዕራፍ ነዘነዙት። እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲመልስ ለኢዮብ ምክንያት አልሰጠውም። «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» ብሎ ጠየቀው። የተቆጣው ግን በሦስቱ ወዳጆች ላይ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። የጮኸው፣ የተሟገተው፣ የተወለደበትን ቀን የረገመው ሰው ነው ቅን የተናገረው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ ጌታ ራሱ የዘመኑን አደጋ ያነሳል። በኢየሩሳሌም የሰሊሆም ግንብ ተደርምሶ 18 ሰዎች ገድሏል። ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋልን? አይደለም አለ። ወዲያው ግን ወደ ሰሚዎቹ ዞሮ እናንተ ንስሐ ግቡ አላቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው ጠየቁ። እሱም ወላጆቹም አይደሉም ተባሉ። ጌታም ሰውየውን በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ ላከው፤ ዓይኑም በራ።

ይህ ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚሆን የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር፤ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ነበር። ጠዋት መሬት ተናወጠች። ጣሪያዎች ተደረመሱ፣ ለበዓሉ የበራው ሻማ ከተማዋን አቃጠለ፣ ወደ ወደቡ የሸሸውን ደግሞ ባሕር መጥቶ ወሰደው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ኢየሱሳውያን (ጄስዊት) ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ቄስ ገብርኤል ማላግሪዳ የሊዝበን ኃጢአት ያመጣው ቁጣ ነው፣ ሰው ግንባታውን ትቶ ንስሐ ይግባ ብሎ ጻፈ። በኋላ ፖምባል በሚል ማዕረግ የታወቀው ሚኒስትር ደግሞ ሕዝቡ እንዳይረበሽ ይፈልግ ነበር። ቄሱ ከከተማው ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ1761 በመናፍቅነት ተፈርዶበት ተገደለ፤ ያም ራሱ ግፍ ነበር። በዚያው ጊዜ ሚኒስትሩ በየአጥቢያው ላሉ ካህናት ጥያቄ ላከ። መሬቱ ስንት ደቂቃ ተናወጠ? ባሕሩ መጀመሪያ ሸሸ ወይስ መጣ? ስንት ሰው ሞተ? የካህናቱ መልስ ዛሬም የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት የሚጠቀምበት ሰነድ ሆኗል።

ክፉ ቀንና ምህላ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለውታል። ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ፤ ከብቱን ከሞላ ጎደል ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይገመታል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ በሬ የለኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሁሉ እንዲነሳ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምታውጀው ምህላ ነው። ካህናቱ መስቀልና ጽና ይዘው ይቆማሉ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ይሰግዳል። ሲብስም ታቦት ይወጣል። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ካህናት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዕጣን እያጠኑ ዞረዋል። ከየሃይማኖቱ የተውጣጡ አባቶችም ለአንድ ወር በቴሌቪዥን አብረው ጸልየዋል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የጾም ጸሎት ይታወጃል። ምህላ «በድለናል» ይላል። ከቁጣ ስብከት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ጸላዩ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ራሱ ነው። በየዓመቱ ሦስት ቀን የሚጾመው የነነዌ ጾምም እንዲሁ ነው። በትንቢተ ዮናስ መጨረሻ እግዚአብሔር ግራና ቀኛቸውን ለማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎችና ለብዙ እንስሳት ይራራል። ጥፋቱን ሲጠብቅ የነበረው ነቢዩ ነው።

አማኝ ከሆንክ አትታመምም፣ አትቸገርም የሚለው ስብከት ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አይሄድም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሳለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተነሳለትም። በለቅሶ ቤት «ለበጎ ነው» ማለትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያዘነችው እናት ራሷ ብትለው እምነት ነው። ቡናውን ጠጥቶ የሚሄድ እንግዳ ሲለው ግን የኢዮብ ወዳጆችን ይመስላል። ዳዊት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው መዝሙሮቹ ሁሉ በምስጋና አያልቁም። በግዕዙ ዳዊት 87ኛው፣ በዕብራይስጡ 88ኛው መዝሙር በጩኸት ይጀምራል፣ በጨለማ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያንም ሳታርመው ጸልያዋለች።

መስቀሉ

ክርስትና ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለየ ነገር አምላክ ራሱ መከራ ተቀበለ የሚለው ነው። «አምላኬ አምላኬ ስለ ምን ተውኸኝ?» ያለው የሥጋን ሕመም ያየው እሱ ነው። ማቴዎስ እንደሚጽፈው በዚያች ሰዓት ምድር ተናወጠች፤ ዓለቶችም ተሰነጠቁ። ይህ «ለምን?» ለሚለው ምክንያት አይሰጥም። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን መሠረታዊ ትምህርቶች፣ የመጨረሻው የሙታን ትንሣኤ ነው። በክርስቲያኑ እምነት ጭቃ የዋጠው ሰው ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ይህ ተስፋ ከተወሰደ ከላይ ያሉት መልሶች በሙሉ ጎዶሎ ይሆናሉ ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ368 ገደማ ዛሬ ቱርክ ውስጥ በምትገኘው በቀጰዶቅያ ዝናብ ጠፋ፤ ረሃብ ሆነ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው ባስልዮስ ያኔ በቂሳርያ ቄስ ነበር። እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አይደለም ብሎ ሰብኳል። ስለ ድርቁም ሰብኳል፤ ኃጢአትንም አንስቷል። የወቀሰው ግን የተራበውን ሳይሆን ጎተራውን ዘግቶ ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቀውን ባለጸጋ ነው። ጎተራዎቹን አስከፈተ። ድስት አስጥዶ የጥራጥሬ ሾርባ አስቀቀለ፤ ራሱ ቆሞ ለተራበው አደለ። በኋላም ጳጳስ ሲሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለእንግዶች፣ ለበሽተኞችና ሰው ለሸሻቸው ለምጻሞች መጠለያ ሠራ፤ ሐኪሞችም ቀጠረ።