ኤሊዋ ስታፏጭ፦ በየግቢው የሚባለውና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ኤሊ የሚያሳድግ ሰው አይጠፋም። ኤሊ አትጮህም፣ አታስቸግርም። ችግሩም እሱ ነው፤ ስትታመም ቶሎ ልብ የሚላት የለም። ልብ የተባለች ቀን ደግሞ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይዘንባል፤ ብዙውም አይረባም።

«ማፏጨት የኤሊ ልማድ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ኤሊ ደንግጣ አንገቷን ስትሰበስብ ሳንባዋ ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ይወጣና «ህስስ» ይላል። ይሄ ጤና ነው፣ ተዉአት። ማንም ሳይነካት፣ ጸጥ ብላ ተቀምጣ በየትንፋሿ ካፏጨች ግን ሌላ ነገር ነው። ጠጋ ብላችሁ አፍንጫዋን እዩት። ትንሽ አረፋ እየተነፋ ሲፈነዳ ካያችሁ የመተንፈሻ ሕመም ምልክት ነው። አንገቷን ሰቅላ፣ አፏን ከፍታ አየር የምትስብ ከሆነ ለነገ አይባልም፤ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። የውሃ ኤሊ ደግሞ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስትዋኝ ሳንባዋን ጠርጥሩ።

«ቅርፊት እያላት ምን ይበርዳታል?»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ቅርፊቱ ብርድ ልብስ አይደለም። አጥንት ነው፤ ከጀርባ አጥንቷና ከጎድኗ ጋር የተጋጠመ። ስለዚህ ደረቷ እንደኛ አይነፋም፤ የምትተነፍሰው በእግሮቿና በሆዷ ዙሪያ ባሉ ጡንቻዎች ነው። እንደኛ በሳል አክታ ማውጣት ስለማትችልም የገባው እዚያው ይቀራል።

የሰውነቷ ሙቀት የአካባቢውን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሊሾ ላይ ያደረች ኤሊ ስትቀዘቅዝ በሽታ የመከላከል አቅሟም አብሮ ይደክማል። መድኃኒት እንኳ ብትወስድ በብርድ ላይ በደንብ አይሠራላትም።

ቤት አስገቧት። ሰፊ ካርቶን፣ ከላይ አምፖል፣ ውስጡ ቴርሞሜትር። ለበሽተኛ ኤሊ ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊትም ከ25 ባይወርድ ጥሩ ነው። አምፖሉ በአንድ ጎን ይሁን፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ መቼም አይቀርም) ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉላት። ከሰል አስገብቶ ማሞቅ ግን በፍጹም! ጭሱ ለታመመ ሳንባ አይሆንም፤ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ለእናንተም ገዳይ ነው። የቡናው ዕጣንም ሌላ ክፍል ይጨስ።

«ብርድ ሲሆን ትተኛለች»

የአንዳንድ ቀዝቃዛ አገር ኤሊዎች ብርዱን ተኝተው ያሳልፋሉ። የኛው አገር ነጠብጣብ የየብስ ኤሊ ግን እንደነሱ አይተኛም። ዓይኗን ጨፍና ምግብ ከተወች ታማለች ማለት ነው።

«ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨመቅ አድርጉላት»

ዳማከሴው ለሰው ይሁን። የኤሊ የአየር ቧንቧ የሚጀምረው ከምላሷ ሥር ነው፤ የምታፈሱባት ነገር በቀላሉ ሳንባዋ ይገባል። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን በጥብጦ መስጠትም ያው ነው። የኤሊን ሳንባ ከሚያጠቁት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ በሱ አይበገሩም። ሐኪም መዝኗት፣ መጠኑን አስልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ይሰጣታል። መርፌውም የፊት እግሯ ላይ ነው፤ ከኋላ እግሯ የሚመለሰው ደም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ኩላሊቷ ጎራ ሊል ስለሚችል። ሕክምናው ሳምንታት ይፈጃል። መብላት ጀመረች ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ሰፈራችሁ ያለው ሐኪም የለመደው ውሻና ላም ሊሆን ይችላል። ኤሊ አክሞ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ እዚያም ጠይቁ።

«ታማለችና ውሃ አይንካት»

ይንካት እንጂ። የየብስ ኤሊን ከአገጯ በታች በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብታስቀምጧት ትጠጣለች። ከዚያ አድርቆ ወደ ሙቀቷ መመለስ። እንጀራና ወተት አይሆናትም፤ ሣርና ጎመን ስጧት። ሥጋ ብቻ የምትበላ የውሃ ኤሊ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያንሳታል፤ ይሄ ራሱ ለመተንፈሻ ሕመም ያጋልጣል።

«የኤሊ በሽታ ሰው አይነካም»

ይነካል እንጂ። ሳልሞኔላ የሚባለውን፣ ሰውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያስይዝ ባክቴሪያ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ትሸከማለች። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሰሃን በሚታጠብበትም አትንከሯት። ግቢው ውስጥ ሌላ ኤሊ ካለ ለዩአቸው፤ የትንፋሹ ሕመም ወደሷ ሊተላለፍ ይችላል።