ቪኤ የምርምር ዳታቤዝ ሲገዛ፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ የሚባለው፣ ለተመራማሪዎቹ የሕክምና ጥናቶች ማፈላለጊያና ማንበቢያ ዳታቤዞችን በገንዘብ ይገዛል። ወሬው ሲሰማ ብዙ ሰው ብዙ ይጠረጥራል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የወታደሮቹ የሕክምና መረጃ እየተሸጠ ነው»

አይደለም። እዚህ የሚገዛው የታተሙ ጥናቶችን የማንበብ መብት ነው። የታካሚ መዝገብ ሌላ ጉዳይ ነው። ተመራማሪ እሱን የሚያየው በፈቃድ፣ ቪንሲ በሚባለው የቪኤ የራሱ ሥርዓት ውስጥ ነው።

«ፐብሜድ በነፃ እያለ ለምን ይከፈላል?»

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፐብሜድ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ጥናቶች ማፈላለጊያ እውነትም ለሁሉም ነፃ ነው፤ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው ርዕስና አጭር መግለጫ ብቻ ነው። ኢራቅ ውስጥ ከቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ አጠገብ የሰፈሩ ወታደሮች ሳንባ ምን ሆነ ብላ የምትጠይቅ ተመራማሪ አለች እንበል። አጭር መግለጫው «የሲጋራ ማጨስ ልዩነት ታሳቢ ተደርጓል» ይላታል። እንዴት? መልሱ ያለው ጽሑፉ ውስጥ፣ ሠንጠረዡ ላይ ነው። ስትጫነው የአሳታሚው ገጽ ይከፈትና ለአንድ ጽሑፍ ከ30 ዶላር በላይ ሊጠይቃት ይችላል። እሷ ደግሞ የምትፈልገው አንድ ሳይሆን መቶ ጽሑፍ ነው።

በዚያ ላይ ፐብሜድ ውስጥ የሌሉ ጥናቶች አሉ። ኤምቤዝ የሚባለው ዳታቤዝ በመድኃኒት ጥናትና በአውሮፓ መጽሔቶች ይበረታል። ያሉትን ጥናቶች በሙሉ ሰብስቦ የሚመዝን ሰው አንዱን ዳታቤዝ ብቻ ፈትሾ ከተወ ሥራው ጎደሎ ነው።

ነፃው እየሰፋ መምጣቱም እውነት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሲታተም ወዲያው ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። የቀደመውንና በሌላ ገንዘብ የተሠራውን ግን ይሄ አይከፍተውም። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሂናሪ በሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለድሃ አገሮች ባዘጋጀው ፕሮግራም በኩል ብዙ መጽሔቶችን በነፃ ያገኛሉ። አሜሪካ ሀብታም አገር ስለሆነች ቪኤ በዚያ በር አይገባም።

«ያለ ጨረታ ከተገዛ ሌብነት አለበት»

ይህን ጥርጣሬ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ብዙ ነን። ኤምቤዝን የሚያዘጋጀው ኤልሰቪየር የሚባለው አሳታሚ ኩባንያ ነው፤ ሌላ ኩባንያ ያንኑ ሠርቶ ሊወዳደር አይችልም። የፌዴራል የግዢ ደንብም ብቸኛ አቅራቢ ሲኖር ከእሱ መግዛትን ይፈቅዳል፤ ምክንያቱ ግን በጽሑፍ መቅረብ አለበት። እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ለሥራው የሚሆነው በእርግጥ ይሄው ዳታቤዝ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይሠራ ነበር? መስፈርቱ አንድን ዕቃ እያዩ የተጻፈ ከሆነ ብቸኛ አቅራቢ መገኘቱ አያስገርምም።

«ለቀድሞ ወታደሮች ኩባንያዎች ቅድሚያ የሚባለው እንዲያው ለስም ነው»

ቪኤ ሲገዛ የቀድሞ ወታደሮች ባለቤት ለሆኑባቸው ኩባንያዎች ቅድሚያ መስጠት ሕግ ነው። በ2006 ወጣ፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቪኤ እንዲያከብረው በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

«አንዴ ከተገዛ የመንግሥት ንብረት ነው»

የሚከራይ ነው ማለት ይቀላል። የተለመደው ውል የአንድ ዓመት ሆኖ፣ በየዓመቱ ሊታደስ የሚችል አራት ዓመት ይጨመርበታል። ካልታደሰ መግቢያው ይዘጋል። የተከፈለባቸው ዓመታት መጽሔቶች ከዚያ በኋላ ይነበቡ እንደሆነ የሚወስነው ውሉ ነው፤ ስለዚህ ያንን አንቀጽ ሳይፈረም በፊት ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል።