ዋይፋይ ምንድን ነው? ኢንተርኔትስ አይደለም

«የየትኛውን ድርጅት ዋይፋይ ላስገባ?» ሳልባል የማሳልፈው ሳምንት የለም። ዋይፋይ የሚሸጥ ድርጅት የለም ስል ቀልድ ይመስላቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ቴክኖሎጂ አስረዳለሁ የሚል አንድ ሰው «የእንትና ዋይፋይ ግድግዳ ይበሳል፣ የእንትና ግን ሳሎን አያልፍም» እያለ ሲያወዳድር ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ ግድግዳ የሚበሳውም የማይበሳውም ቤትህ የተቀመጠው ራውተር፣ ኢንተርኔቱን ለስልክህ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው።

ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክህ ያለችው አጭር የራዲዮ መንገድ ናት፤ በቃ። እስከ ግቢህ የሚመጣው መስመር ሌላ ነው። ድርጅት የምትመርጠው ለእሱ ነው።

ባሕር ዳር ለኖረ ሰው በውሃ ይገባዋል። ጣና ኢንተርኔት ይሁን። ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ጨረጨራ ላይ በር አለ፤ የገዛኸው ፓኬጅ እንደዚያ በር ነው፣ ምን ያህል እንደሚለቀቅልህ ይወስናል። መስመርህ ግቢህ የሚደርሰው ቧንቧ ነው። ዋይፋይ ደግሞ ከቧንቧው አፍ እስከ ጓሮ የጎተትካት ጎማ። ጎማዋ ተጣጥፋ ጎመንህ ቢጠወልግ ጣና ጎደለ ትላለህ? ብዙ ሰው ግን ይላል፤ እንዲያውም በሩን አስፉልኝ ብሎ ተጨማሪ ይከፍላል። (ምሳሌዬ አንድ ቦታ ያነክሳል፤ ቪዲዮ ስትልክ ውሃው ሽቅብ ወደ ሐይቁ መመለስ አለበት።)

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኼን ዋይፋይ ንቀልልኝና የሌላውን አስገባልኝ።»

«እማማ፣ መጀመሪያ ራውተሩን ያሳዩኝ።»

ቡፌ ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ መስታወቱን ተደግፎ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ላፕቶፔን በኬብል ሰካሁ፤ ከገዙት 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ 9.6 መጣ። ስልኬን ይዤ ልጃቸው የሚያድርበት ሰርቪስ ቤት ገባሁ፤ 1 እንኳን አልሞላም። መስመሩ ደህና ነው። ሞገዱን የበላው የመስታወቱ የብረት ቅብ፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና የሰርቪሱ ቆርቆሮ ነው። ድርጅት ቢቀይሩ አዲሱም ራውተር ያው ቡፌ ውስጥ ይገባ ነበር።

እግረ መንገዴን፦ ስልክህ ላይ ያሉት ቅስቶች ሞልተው ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል፤ የሚነግሩህ ራውተሩ ቅርብ መሆኑን ብቻ ነው። ራውተሩ ላይ የምታየው 5 ጊጋ ኸርዝም 5ጂ ማለት አይደለም። አንዱ የሞገድ ድግግሞሽ ነው፣ ሌላው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ። ለሩቅ ክፍል እንዲያውም 2.4 ጊጋ ኸርዙ ይሻላል፤ ግድግዳ ብዙም አያደክመውም።

እና ድርጅት ስትመርጥ ደጄ ድረስ የሚመጣው ምንድን ነው ብለህ ጠይቅ። ፋይበር ከሆነ ብዙ አታስብ። የመዳብ መስመር ከጣቢያው በራቅህ ቁጥር ይደክማል። ሲም የሚገባበት ራውተር ከሆነ፣ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም፣ ታወሩን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ትጋራለህ፤ ስለዚህ ረፋድ ላይ ሳይሆን ማታ 2 ሰዓት ላይ ሞክረህ ግዛ። ሐይቁ ዳር ያለህ ሰው ደግሞ ታወሩ ከውሃው ማዶ ፊት ለፊት እየታየህ ኔትወርኩ ቢዋዥቅ አይግረምህ። ከውሃው ገጽ የሚነጥረው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ይጣላል፤ ራውተሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻውን ሊያስታርቃቸው ይችላል። ፋይል ስታወርድ 1.25 ሜጋ ባይት በሰከንድ ካየህም ተሰረቅሁ አትበል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነውና 10 ሜጋ ቢት ለ8 ሲካፈል ያው ነው።

የእማማን ራውተር ጓሮ ወደሚያየው መስኮት አዛወርኩት፤ ሰርቪሱ ውስጥ 6 መጣ። ዕቃዬን ስሰበስብ ዘወር ብል ዳንቴሉን መልሰው አልብሰውታል። ጨርቅ ሞገድ አያግድም፣ ሙቀት ግን ያፍናል። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ቡናው ቀረበ።