የአማልክቱ ጦርነት አበቃ፤ በሬው የት አለ?

ጎንደር ላይ ፋንታሲ ለሚጽፉ ወጣቶች። ረቂቆቻችሁ ጦርነቱ ያበቃበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ይሆናሉ፦ የብርሃን አምላክ የጨለማውን ይጥላል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ቀጥሎ ሠርግ ይደገሳል። እህሉ ከየት መጣ የሚል የለም። በረቂቆቻችሁ የሚደጋገሙትን እሳቤዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«አሸናፊው አምላክ ከነገሠ እምነት አንድ ይሆናል።» አይሆንም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ አስገብተው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን መለሱ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እምነቱን የሰበኩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑ፣ ተባረሩ። ከዚያ በኋላ አሸናፊዎቹ ራሳቸው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚያስተምሩት ተለያይተው ቅባትና ጸጋ በሚባሉ ወገኖች ተከፍለው ተከራከሩ፤ ክርክሩን ለመቁረጥ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተቀመጠው በ1870 ዓ.ም. ነው። የድል አድራጊው አምላክ ካህናት በሦስተኛው ምዕራፍ እርስ በርስ ካልተጣሉ ልቦለዱ ሐሰት ይሸታል።

«ተአምር ትልቅ መሆን አለበት።» ከሱዳን የመጣው የመሐዲስቶች ጦር፣ ድርቡሽ፣ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ሕዝቡ ንብ አባረራቸው ይላል። ንብ ይበቃል።

«ግንቡ በአንድ ክረምት ይታደሳል።» በክረምት ኖራ አይሠራም፤ ሳይጠነክር ዝናብ ያጥበዋል። በጋም ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ውሃ እየረጩ መሸፈን ነው። ከዚያ በፊት የኖራው ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሙቀት መቃጠል፣ በውሃ መብረድ፣ ለአንድ እጅ ኖራ ሦስት እጅ ያህል አሸዋ መቀላቀል አለበት። ማገዶውስ? ጫካውን በምዕራፍ ሁለት አቃጥላችሁታል።

«ሰላም ከወረደ መኸሩ ይገባል።» ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይኼኛው ነው። የክፉ ቀንን ረሀብ ታሪክ ከአያቶቹ ያልሰማ ጎንደሬ ያለ አይመስለንም፤ ብዕር ሲያነሳ ግን ይረሳዋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ሰው ያለቀው በሰይፍ ብቻ አልነበረም። በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የሚባል የከብት በሽታ ከ10 ከብት 9ኙን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። መሬቱ አለ፣ የሚያርሰው በሬ የለም።

ስሌቱን ሥሩት። ሐምሌ ላይ የያዘች ላም ሚያዝያ ትወልዳለች። ጥጃው ሴት ከሆነ ለሌላ ዙር መጠበቅ ነው። ወንድ ከሆነም ቀንበር የሚችለው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ያውም ጥማድ ለመሆን ሁለት ያስፈልጋሉ። አንዲት ላም ይዞ የተረፈ ቤት ዕድል ቀንቶት እንኳ ከአምስት ዓመት ገደማ በፊት በራሱ ጥማድ አያርስም።

በዶማ ይቆፈራል ትሉ ይሆናል። ይቆፈራል፤ ዐፄ ምኒልክም በዚያ ዘመን ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። ጤፍ ግን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ታርሶ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጓል ውስጥ ከገባ ቀረ። ስለዚህ ከጦርነቱ ማግስት ገበታ ላይ እንጀራ አታስቀምጡ፤ ጓሮ ውስጥ የሚቆፈር ጎመንና ዱባ አስቀምጡ። ዘርም አስቡ፤ ጤፍ በእጅ ሲበተን ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይወስዳል፣ የተራበ ቤተሰብ ደግሞ ያንን በልቶታል። ዘር የደበቀ ሰው በዚያ ዓለም ከጠንቋይ ይልቅ ይፈራል፣ ይከበራል፣ ይዘረፋል። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በአንድ ረቂቅ እንኳ አልታየም።

«ከጦርነት በኋላ ጠላት ለጠላት አይጠጋም።» አንድ በሬ የቀረው ሰው አማራጭ የለውም፤ በመቀናጆ ያጣምዳል። የአንዱ በሬ ባለቤት የብርሃኑ አምላክ ተከታይ፣ የሌላው የጨለማው ተከታይ ይሁን። ጠቡ የሚነሳው በጸሎት አይደለም፤ ሐምሌ ላይ የማን ማሳ ይቅደም በሚለው ነው። ተራው የዘገየበት ሰው ጤፍ ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ይወጣበታል፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ በሬውን ይዞ ይቀራል።