«10 ከመቶው የአስተናጋጇ ነው»፦ በባሕር ዳር ስለ አገልግሎት ክፍያና ስለ ጉርሻ የሚነገሩ ስሕተቶች

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባሉት መዝናኛዎችና ሆቴሎች ዓሣ በልቶ ሂሳብ የጠየቀ ሰው ከምግቡ ዋጋ በታች ሁለት ተጨማሪ መስመሮች ሊያገኝ ይችላል፤ አንዱ ብዙ ጊዜ 10 ከመቶ የሚሆነው የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሌላው ቫት። ሁለቱ መስመሮች ጠረጴዛ ላይ ከሚተወው ጉርሻ ጋር ሲምታቱ ቅሬታውም ጉዳቱም የሚያርፈው ደረሰኙን ይዛ በቆመችው ወጣት ላይ ነው። እሷ ግን ዋጋውንም መቶኛውንም አልወሰነችም።

«10 ከመቶው የአስተናጋጇ ስለሆነ ሌላ መስጠት አያስፈልግም።»

ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋውና የሚጎዳው ይህ ነው። በደረሰኝ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ድርጅቱ ካዝና ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንደየቤቱ ይለያያል። ወር ሲደርስ ለአስተናጋጁ፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለጽዳቱና ለጥበቃው ሳይቀር የሚያከፋፍል ቤት አለ፤ በሥራ ደረጃ እየመደበ የሚሰጥ አለ፤ ለተሰበረ ዕቃ እያለ ከፊሉን የሚያስቀርም አለ። ስለዚህ መቶኛው ደረሰኙ ላይ መታየቱ ብቻውን ገንዘቡ እጇ መግባቱን አያረጋግጥም።

ቢደርሳት እንኳ እንደ ደመወዝ አይቆጠርላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጉም ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ውጭ አድርጎታል። የዚህ ውጤት ከባድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ፣ የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም እንዲሁ። በየወሩ ከደመወዟ የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ የምታገኝ ሴት ስትወልድም ሆነ ከሥራ ስትሰናበት የሚታሰብላት ያው ትንሹ ደመወዝ ነው። በዚህ ላይ በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም።

ገንዘቡ የት እንደሚደርስ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኃላፊውን ይጠይቅ። አስተናጋጇን በአለቃዋ ፊት «ይደርሳችኋል ወይ?» ማለት ግን ለእሷ ፈተና ነው፤ እውነቱን ብትናገር እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች።

«የአገልግሎት ክፍያም ቫትም መንግሥት ያዘዘው ነው።»

ቫት በሕግ የተጣለ ግብር ነው፤ መጠኑም 15 ከመቶ ነው። የአገልግሎት ክፍያውን የሚያስከፍለው ቤቱ በራሱ ውሳኔ ነው። የማያስከፍሉ ቤቶች በከተማችን ሞልተዋል። ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ በቫት ስም ገንዘብ መሰብሰብ አይችልም።

ከዚሁ ጋር «10 እና 15 ሲደመር 25 ነው፤ ትርፉ ማጭበርበር ነው» የሚል ክርክር ይሰማል። ቫቱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ነው። 1,000 ብር የተበላበት ጠረጴዛ 100 ብር የአገልግሎት ክፍያ ይታከልበትና 1,100 ይሆናል፤ የዚህ 15 ከመቶ 165 ብር ነው፤ ጠቅላላው 1,265 ብር። ተጨማሪው 26.5 ከመቶ መሆኑ የስሌቱ ውጤት ስለሆነ ከአስተናጋጇ ጋር መጣላት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቅር መሰኘት የሚገባው የምግብ ዝርዝሩ ይህ ሁሉ እንደሚጨመር ሳይናገር ሲቀር ነው።

«ጉርሻ የሚገባው ትልቅ ሆቴል ነው።»

እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። በሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ጠብሰው በሚያቀርቡት ትንንሽ ቤቶች በወሩ መጨረሻ የሚከፋፈል የአገልግሎት ክፍያ አይኖርም። ዓሣውን ቅርፊቱን ፍቃ፣ አጽድታ፣ ዘይት ፊት ቆማ የጠበሰችው ሴት ደግሞ ከጓዳ ስለማትወጣ አትታይም። ጥቂት ብር ለእሷም ብሎ መተው ያስመሰግናል። ግዴታ ግን አይደለም፤ አቅም የሌለው ሰው ባለመስጠቱ ሊያፍር አይገባም። ጉርሻ የሰጠ ሰውም በማጨብጨብ ወይም በፉጨት የመጥራት መብት አልገዛም። ይህን ልማድ አጥብቄ እጠላዋለሁ።

«ከውጭ የመጣ ዘመድ 20 ከመቶ ይሰጣል፤ ሥልጣኔው ያ ነው።»

የአሜሪካው ልማድ ከራሱ የደመወዝ ሥርዓት የወጣ ነው። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ አሠሪ ለጉርሻ ተቀባይ ሠራተኛ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ጉርሻው ተደምሮ 7.25 ዶላር መሙላት አለበት። ብዙ ሰው ሆኖ ለሚመጣ እንግዳ ምግብ ቤቱ ራሱ የሚጨምረውን መቶኛ ግን የዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እንደ አገልግሎት ክፍያ እንጂ እንደ ጉርሻ አይቆጥረውም፤ ጉርሻ የሚባለው እንግዳው በፈቃዱ መጠኑን ወስኖ የሰጠው ነው። ይህ መለያ ለእኛም ጠረጴዛ ይሠራል። ለሠርግ ወይም ለጥምቀት ሰሞን ብዙ ሆነው ጠረጴዛ የሚይዙ ሰዎች የሚታከል ክፍያ መኖሩን አስቀድመው ቢጠይቁ ከጭቅጭቅ ይድናሉ።

«በቴሌብር ጨምሬ ስለከፈልኩ ጉርሻዋ ደርሷታል።»

በድርጅቱ ቁጥር የገባ ትርፍ ገንዘብ የገባው ለድርጅቱ ነው። ለእሷ የታሰበው በእጇ ቢሰጣት ይሻላል። ለአዝማሪው የሚሰጠው ሽልማትም ከሂሳቡ የተለየ ነው፤ በግጥሙ ለተደሰተ ሰው የተተወ ነው።

«እንግዳ ሳይከፍል ከሄደ ከአስተናጋጇ መቁረጥ የተለመደ ነው።»

መለመዱ ሕጋዊ አያደርገውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ቢሆን ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የተቀነሰውን ገንዘብ ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውን ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለበት። ሠራተኛዋ ስትጠይቅም መዝገቡን ሊያሳያትና ሊያስረዳት ግዴታ አለበት።