ፋይዳ ምንድን ነው? ከቀበሌ መታወቂያስ በምን ይለያል?

ደሴ ውስጥ ወረፋ ያለበት ቢሮ ግቡና «ሰይድ መሐመድ!» ብላችሁ ተጣሩ። ሁለት ሦስት ሰው «አቤት» ይላችኋል። የአያት ስም ጨምሩበት፣ «ሰይድ መሐመድ አሊ» በሉ፤ አሁንም ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል። አጻጻፉ ደግሞ አለ። አንዱ ሰይድ፣ አንዱ ሰዒድ፣ ሌላው ሰኢድ። መሐመድማ አይነሳ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ እንደ ጸሐፊው ቀልብ ነው፣ የትምህርት ማስረጃው ሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ሌላ፣ መንጃ ፈቃዱ ሌላ።

ፋይዳ ይህን ዓይነቱን ጣጣ ለመፍታት የመጣ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ የሚሰጥ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሲሆን ከጣት አሻራው፣ ከዓይኑና ከፊቱ ምስል ጋር የታሰረ ነው። ሕጉ የወጣው በ2015 ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1284። ሥርዓቱ የተገነባበት ሶፍትዌር ሞሲፕ ይባላል። ህንድ፣ ባንጋሎር የተሠራ ነው፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል።

ብዙ ሰው ፋይዳ ሲባል ካርዱ ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ቁጥሩ ነው፤ ካርዱ ቢጠፋባችሁ ፋይዳችሁ አልጠፋም። ለዚህ ነው ምዝገባው ነፃ ሆኖ ካርድ ማሳተም የሚያስከፍለው። በነገራችን ላይ ቁጥሩም ሁለት ዓይነት ነው። ፊን የሚባለው ባለ 12ቱ ዋናው ነው። ፋን የሚባለው ባለ 16 አሃዙ ደግሞ ዋናውን በየቦታው እንዳትበትኑት በምትኩ የምትሰጡት ነው።

ምዝገባው ላይ ጊዜ የሚወስደው አሻራው ነው። የአንድ እጅ አራት ጣት፣ የሌላው እጅ አራት ጣት፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች። ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፈልጥ ወይ ሲያርስ የኖረ ሰው ከሆነ ማሽኑ እንቢ ይላል፤ መዝጋቢው «ጫን አድርጉት አባባ» ይላል፣ ጣታቸውን ያስጠርጋቸዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ዓይንም የሚነሳው ለዚህ ነው፣ አሻራ ቢለሰልስም ዓይን ይመሰክራል። መጨረሻ ላይ ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስክሪን ላይ ይታያል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ፊደል በፊደል አንብቡት፣ ከባንክ ደብተራችሁ ጋርም አስተያዩት። ኋላ ለማስተካከል ከመመላለስ እዚያው ሁለት ደቂቃ መቆም ይሻላል። ቁጥሩ ወዲያው አይመጣም። ሥርዓቱ የእናንተን አሻራና ዓይን ቀድመው ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ካመሳከረ በኋላ ነው በመልእክት የሚላከው፤ ሁለቴ የተመዘገበ ካለ የሚያዘውም እዚህ ላይ ነው።

እሺ፣ የቀበሌ መታወቂያስ? ሥራቸው ይለያያል። የቀበሌው የዚያ ቀበሌ ነዋሪ መሆናችሁን ይናገራል። ፋይዳ ደግሞ እናንተ እናንተ መሆናችሁን ብቻ ነው የሚለው። ዜግነትም አያረጋግጥም፣ በሕጋዊ መንገድ እዚህ የሚኖር የውጭ ሰውም ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ቀበሌ ሄዳችሁ «ፋይዳ እያለኝ ምን ሌላ ትጠይቁኛላችሁ» ብትሉ አያዋጣም።

አንድ ነገር ግን በጣም ወድጄለታለሁ። ድሮ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። አክስቱ ክርስቲያን፣ አጎቱ ሙስሊም ለሆነ ወሎዬ ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ወረቀት የሌለው ሰው ላይ ነው። ኮምቦልቻ በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ከአካባቢው ወረዳዎች፣ ከቃሉም ከወረባቦም ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ወጣት አለ። ደሞዝ በባንክ ነው፣ ባንኩ መታወቂያ ይላል፣ ልጅቷን ደግሞ የከተማው ቀበሌ አያውቃትም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም ስንቱ ነው ወረቀቱን ቤት ትቶ ነፍሱን ይዞ የወጣው። ፋይዳ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በር አለው፦ ማስረጃ ከሌላችሁ የተመዘገበ ሰው ምስክር ሆኖላችሁ መመዝገብ ይቻላል። የግድ የተወለዳችሁበት ቦታ መሄድም የለባችሁም።

አሁን ባንኮች አዲስ ሂሳብ ስትከፍቱ ፋይዳ ይጠይቃሉ። ቁጥሩን ትሰጣላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ኮድ ይመጣል፣ ኮዱን ስትነግሯቸው ስማችሁና ፎቷችሁ ከፋይዳ ማዕከል ይመጣላቸዋል። ፎቶ ኮፒ የለ፣ ጉርድ ፎቶ የለ። ያው ኔትወርክ ካለ ነው እንግዲህ። ምዝገባው ያለ ኢንተርኔት ተሠርቶ ኋላ ሊላክ ይችላል፣ ማረጋገጡ ግን መስመር ይፈልጋል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ አንረሳም፤ ሁሉን ነገር በአንድ ቁጥር ላይ ማንጠልጠል ሲታሰብ ይሄም አብሮ ቢታሰብ ጥሩ ነው። መረጃችን እንዴት ይያዛል ለሚለው ደግሞ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ሕጉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ሥራ ላይ መዋሉን እናያለን።

በተረፈ አብሽሩ፣ ከባድ ነገር አይደለም። የተመዘገባችሁበትን ሲም ካርድ ከቀየራችሁ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ቁጥሩን አስለውጡ፣ አለዚያ ኮዱ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ደውሎ «ከባንክ ነው፣ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ዝጉበት።