«ዶክተሩ ነው ያዘዘው» ነርስን አያድንም

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ይባላል። እሱስ ይሁን። የሚሰለቸው፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የሚንከባከብ ነርስ ነገር ሲበላሽ ብቻ «እኔ ነርስ ነኝ፤ ዶክተሩ ነው ያዘዘው» ሲል መስማት ነው።

ትእዛዙ የሐኪሙ ቢሆንም የወጋው እጅ የነርሱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሰውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ሲያደርስ ቅጣቱን ያከብድበታል።

የተረበሸን ሰው የሚያረጋጋውን ሃሎፔሪዶልን እንውሰድ። እማማ ሌሊቱን ሲጮሁ አድረው አስታማሚው ሁሉ ተማሮ «አንድ መርፌ ይሰጣቸው» ይባላል። የተለመደው አምፑል 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 5 ሚሊ ግራም ይዟል። ለደከሙ አረጋዊ ግን የሚጀመረው ቢበዛ በግማሽ ሚሊ ግራም ነው፤ 0.1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አምፑሉን ሙሉ የወጋ አሥር እጥፍ ሰጠ። ሰውነታቸው ይገተራል፤ መዋጥ ያቅታቸውና ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሲነሱም ይወድቃሉ።

ደግሞስ ትናንት ደህና ውለው ዛሬ ድንገት ከተለወጡ «መርሳቱ ባሰባቸው» ብሎ ማለፍ ምን ይባላል? ሽንት ታግቶ፣ ሆድ ደርቆ፣ ውኃ አንሷቸው ወይም የሳንባ ምች ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ከእምብርት በታች ዳስሱ፤ ትኩሳት፣ ግፊት፣ ስኳርና ኦክስጅን ለኩ፤ መጨረሻ መቼ እንደተጸዳዱ ጠይቁ። በመንዝ ውርጭ ባና ለብሰውም ቢሆን ሙቀታቸው ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ ለሐኪሙ ደውሉና «መጠኑ በዝቷል» በሉ። በስልክ የታዘዘውን ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡለት። ካልተስማማችሁ አትስጡ፤ ለሜትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) ወይም ለተረኛው ኃላፊ አሳውቁ፤ ሰዓቱንና ምክንያቱን የሕመምተኛው መዝገብ፣ ቻርት ላይ አስፍሩ። ሳይሰጡ ዝም ማለትም ያስጠይቃል።

ከነርሶች የሚሰማ ሌላም ሰበብ አለ፦ «ክኒኑን ለአስታማሚዋ ሰጥቻታለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሷ ጉዳይ ነው።» ገላ ማጠብና ማብላት ይካፈላል። ሥራውን የምትችለው መሆኗን ማየትና ተመልሶ ማረጋገጥ ግን ከነርሱ ትከሻ አይወርድም።

«አልውጥ ስላሉ ፈጭቼ ሽሮ ውስጥ ጨመርኩላቸው።» ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ኒፌዲፒን፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ሲፈጭ የሰዓታቱ መድኃኒት ባንዴ ይለቀቅና ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል። ፋርማሲ ሳይጠየቅ ምንም አይፈጭም። ደብቆ መስጠትም ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱና ቤተሰቡ መክረውበት ቻርት ላይ የሚሰፍር ውሳኔ እንጂ የአንድ ተረኛ ብልሃት አይደለም።

«ልጃቸው ከፈረመ አልጋ ላይ በነጠላ ማሰር ይቻላል።» የልጅ ፊርማ የነርስን ጥፋት አያጥብም።

«ያው መጃጀት ነው።» በሽታ ነው።

«ልምድ ያለው ነርስ የመርሳት በሽታ መሆኑን ራሱ ይወስናል።» አይወስንም፤ ያየውን ይጽፋል። ቻርት ላይ «ተበጠበጡ» ብሎ መጻፍ ደግሞ ምንም እንዳልጻፉ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ከአልጋ ወርደው ‹በሬዎቹ ወጡ› እያሉ በሩን ገፉ፤ ሽንት ከማታ ጀምሮ አልወጣቸውም» ብላችሁ ጻፉ። ጠዋት የሚገባው ሐኪም መጀመሪያ የሚዳስሰው ፊኛቸውን ይሆናል።